አምስት ጓደኛሞች፣ አንድ የአባልነት ቁጥር፦ ከደሴ ወደ ሴኡል የሄደ መዋጮ

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አምስት የደሴ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው በእጅ የማይያዝ ነገር ገዙ። የደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ቡድን የቢቲኤስ ኦፊሴላዊ የአድናቂዎች ክበብ የአንድ ዓመት አባልነት ነው። አዋጪዎቹ አምስት ቢሆኑም አባል የሆነችው አንዷ ብቻ ናት። ክበቡ አባልነት የሚሸጠው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለአምስቱም የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም።

ልጆቹን የማውቃቸው በሥራዬ ነው። ፒያሳ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር አገልግሎት ቤት አለኝ። ፎርም የሚያስሞላ፣ ዶክመንት ስካን የሚያደርግ፣ ኢሜይል የሚያስከፍት ሁሉ ወደኛ ይመጣል። እነዚህ ልጆችም መጀመሪያ የመጡት ኢሜይል ለማስከፈት ነው። ጉዳዩን የምጽፈው እነሱም ቤተሰቦቻቸውም ፈቅደውልኝ ነው። ስም አልጠቅስም።

የምጽፈው ጥያቄው ስለበዛ ነው። ከደሴ ብቻ ሳይሆን ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ልጆች ይመጣሉ። "ጋሼ፣ ይሄን አባልነት እዚህ ሆነን መግዛት እንችላለን?" ይላሉ። እናቶች ደግሞ በኋላ ይመጡና "ያ ሁሉ ብር ለምን ነበር?" ይላሉ። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው። አባልነቱ ማጭበርበሪያ አይደለም፤ የሚለውን ይሰጣል። ግን ዋናው ጥቅሙ የኮንሰርት አዳራሽ ደጃፍ መድረስ ለሚችል ሰው ልክ የተሰፋ ነው። ደሴ ተቀምጦ የሚከፍል ሰው የቱ እጁ እንደሚገባና የቱ እንደማይገባ ቀድሞ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ክበቡ ምን ይሸጣል?

ቢቲኤስ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 2013 ነው። ያወጣው ኩባንያ ያኔ ቢግ ሂት ኢንተርቴይንመንት ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ባንግ ሺ ህዮክ የተባለ የሙዚቃ አቀናባሪ ያቋቋመው ትንሽ ድርጅት ነበር። በ2020 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ፤ በ2021 ስሙን ወደ ሃይብ ቀየረ። አድናቂዎቹ አርሚ የሚለውን ስም ያገኙት ቡድኑ በጀመረ በወሩ ገደማ ነው።

ኩባንያ ራሱ የአድናቂ ክበብ ማቋቋሙ ለኮሪያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤች ኦ ቲ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን አድናቂዎች ነጭ ፊኛ፣ የተፎካካሪያቸው የሴክስኪስ አድናቂዎች ደግሞ ቢጫ ፊኛ ይዘው አዳራሽ ይሞሉ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አድናቂነት በመዝገብ የሚያዝ፣ ቁጥር ያለው፣ ክፍያ ያለው ነገር ሆኗል። የአርሚ ምዝገባም መጀመሪያ አካባቢ በዙር ነበር። በሩ የሚከፈተው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ያመለጠው እስከሚቀጥለው ዙር ይጠብቃል። በ2019 ኩባንያው ዌቨርስ የሚባለውን የአድናቂዎች አፕ ሲያወጣ ይህ ቀረ። አሁን በፈለጉት ቀን ይገዛል፤ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይቆጥራል። "ከተገዛበት ቀን ጀምሮ" የምትለዋን ያዙልኝ። የዚህ ጉዳይ ግማሽ ክርክር እሷ ላይ ነው።

ዋጋው ከ20 ዶላር ብዙም አይርቅም። ይህ ለአባልነቱ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ በካርቶን የሚላክ ዕቃ ያለበት አማራጭ አለ። ፎቶ፣ ካርድና የመሳሰሉት ያሉበት፣ ዋጋው ብዙ እጥፍ የሆነ ነው። የመላኪያ ሂሳብም ይጨመርበታል።

አባል የሆነ ሰው የሚያገኘውን አንድ በአንድ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን አይተነዋል።

የመጀመሪያውና ትልቁ የኮንሰርት ትኬት ቅድሚያ ግዢ ነው። አሠራሩን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮንሰርት ሲታወጅ ኩባንያው የመጨረሻ ቀን ይቆርጣል። እስከዚያ ቀን አባል የሆነ ሰው አፑ ላይ ገብቶ "ለዚህ ከተማ ኮንሰርት በቅድሚያ መግዛት እፈልጋለሁ" ብሎ ይመዘገባል። አባል መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ምዝገባ የዘለለ አባል ሽያጩ ላይ አይገባም። ሽያጩ ሲከፈት ትኬት በሚሸጠው ድርጅት ገጽ ላይ በሰዓቱ መገኘት አለበት። ከዚያም በኋላ ትኬት ለማግኘቱ ዋስትና የለም። አባላቱ ራሳቸው እጅግ ብዙ ናቸውና ቀደምቶቹ ይወስዱታል። እንግዲህ በ20 ዶላሩ የሚገዛው ትኬቱ አይደለም፤ የወረፋው ፊት መስመር ነው። የትኬቱ ዋጋ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ወሎ ውስጥ የለመድነውን ሽልማት አስታወስኳቸው። ወሎ ዘፋኝ ማድነቅን ከማንም አይማርም፤ አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አገር ነው። ሰው ዘፈኑ ሲነካው ተነሥቶ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። የሚሰጠው ከሰማ በኋላ ነው፤ ብሩ የት እንደገባም ያየዋል። የክበቡ ክፍያ ግን ከመስማት በፊት ይመጣል፤ የሚከፈለውም ለኩባንያው ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ቅር አላላቸውም። "እኛም እኮ የምንከፍለው ለመግባት ነው" አለች አንዷ።

ሁለተኛው ለአባላት ብቻ የሚለቀቅ ፎቶና ቪዲዮ ነው። ይህ ደሴም ይደርሳል፤ ኢንተርኔት ካለ። ሦስተኛው ኮሪያ ውስጥ የቴሌቪዥን ቀረጻና ሌሎች ዝግጅቶችን በአካል ለመታደም በዕጣ መወዳደር ነው። ይህን ለእኛ ልጆች የለም ብሎ መቁጠር ይሻላል። አራተኛው ሱቁ ውስጥ ለአባል ብቻ የተፈቀደ ዕቃ መግዛት መቻል ነው፤ መብቱ ሌላ ወጪ ይጠራል። በመጨረሻም የአባልነት ቁጥርና አፑ ውስጥ የሚታይ መታወቂያ አለ።

አባል ሳይኮን በነፃ የሚገኘው ግን ከዚህ ሁሉ ይበዛል። አፑን ማውረድ፣ የቡድኑን መንደር መቀላቀል፣ መልእክት መጻፍ፣ አርቲስቶቹ የሚጽፉትን ማንበብ፣ በቀጥታ ሲገቡ ማየት ክፍያ አይጠይቅም። ይህን ለብዙ ልጆች ስነግራቸው ይገረማሉ። ሳይከፍሉ አድናቂ መሆን እንደማይችሉ የሚያስቡ አሉ።

አንድ ሌላ ማደናገሪያም አለ። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ዌቨርስ "ዲጂታል ሜምበርሺፕ" የሚባል ነገር ጨምሯል። ማስታወቂያ ያስቀራል፣ ቪዲዮ አውርዶ ለማየት ያስችላል። ክፍያው በየወሩ ነው። ይህ ከአድናቂ ክበቡ አባልነት ጋር አንድ አይደለም፤ የትኬት ቅድሚያም የክበብ ቁጥርም አይሰጥም። ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ አንዱን ፈልጎ ሌላውን የሚገዛ ሰው አይጠፋም።

መዋጮው

ልጆቹ ቢቲኤስን የያዙት በሜሞሪ ካርድ ነው። አንዷ ቪዲዮ ታመጣለች፤ ለሌሎቹ በብሉቱዝ ታዳርሳለች። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ ውስጥ ስታልፍ ሁለቱ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ከከተማ ወጥተው ነበር። ኔትዎርክ በሌለበት የነበራቸው ስልኩ ላይ የቀረው ዘፈን ብቻ እንደነበር ነግረውኛል። ስለዚህ "የልጅ ነገር ነው" ብሎ ማለፍ አልችልም።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. ላይ ቡድኑ አሥረኛ ዓመቱን አከበረ። ልጆቹ ያኔ ወሰኑ። እያንዳንዳቸው 220 ብር፣ በድምሩ 1,100 ብር። በወቅቱ ባንክ አንዱን ዶላር ከ54 ብር ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚመነዝር 20 ዶላሩ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ችግሩ መክፈያው ላይ ነው። የአንዷ ታላቅ እህት ወደ ባንክ ሄዳ ጠየቀች። የያዘችው ካርድ ውጭ አገር አይሠራም አሏት። የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ያስፈልጋል ተባለች። ቴሌብር ደግሞ እዚያ ሱቅ ውስጥ የለም።

ቀሪው መንገድ ብዙ የወሎ ቤተሰብ የሚያውቀው መንገድ ነው፤ ዓረብ አገር ያለ ዘመድ። የአንደኛዋ አክስት ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ደሞዟ 1,000 ሪያል ነው። የባንክ ካርድ አላት። ዶላርና ሪያል በ3.75 የታሰሩ ስለሆኑ 20 ዶላር ለእሷ 75 ሪያል ነው። ከወር ደሞዟ ሲታይ ቀላል አይደለም።

ኢሞ ላይ ደወሉላት። ንግግሩን እኔ ቤት ሆነው ስለሆነ ሰምቻለሁ።

"እትዬ፣ ብሩን ለእማማ እንሰጥልሻለን። አንቺ ካርድሽን ብቻ ነው።"

"አብሽሪ፣ ለብሩ አይደለም። ይሄ ነገር በየወሩ ከካርዴ እየቆረጠ የሚሄድ ነው እንዴ? እዚህ አንዷ ጓደኛዬ አፕ ከፍታ ደሞዟን ሲበላባት ነበር።"

"የለም፣ አንዴ ነው። ለዓመት።"

"ማነው ተቀባዩ? ሰው ነው ድርጅት?"

"ድርጅት ነው።"

"እንግዲያው የከፈልኩበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። አስቀምጪው።"

ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የተሻሉት የእሷ ናቸው። ክፍያው ይደጋገማል ወይ? ተቀባዩ ማን ነው? ማስረጃው የት ይቀመጣል? ለወላጅ ሁሉ የምመክረው እነዚህን ሦስቱን ነው።

ዕቃ ያለበት ካርቶን ይምጣ ወይስ አባልነቱ ብቻ የሚለው ክርክር ረጅም ነበር። ሁለቱ ልጆች ካርቶኑን ፈልገው ነበር። በዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ነገርኳቸው። ዕቃው ሪያድ መድረስ አለበት። ከዚያ የሚመጣ ሰው መገኘት አለበት። ያ ሰው ቦሌ ወርዶ፣ ሻንጣው ተፈትሾ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ደሴ ይገባል። በመሐል ካርቶኑ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? በእነዚህ ሱቆች ዕቃ ጎድሎ ወይም ተሰብሮ ሲገኝ፣ ካርቶኑ ሲከፈት የተቀረጸ ቪዲዮ መጠየቅ የተለመደ ነበር። የኮሪያ ሕግ የኢንተርኔት ገዢ በ7 ቀን ውስጥ ዕቃ የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን የሚያጣብቡ የመመለሻ ሕጎችን ተከትሎ የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ በ2024 የአድናቂ ዕቃ በሚሸጡ አራት ድርጅቶች ላይ ቅጣት ጥሏል። መብቱ አለ፤ ግን ሪያድ የተከፈተን፣ ደሴ ላይ የሚጠበቅን ካርቶን በ7 ቀን አያስመልስም።

ካርቶኑ ቀረ። ፎቶካርዱን፣ የአርቲስቶቹ ፎቶ ያለበትን ትንሽ ካርድ፣ ግን እኔ ቤት ሠሩት። አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርገን አተምን። ልኩ 5.5 በ8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዷ በማስመሪያ እየለካች በመቁረጫው ትቆርጣለች። ሌላዋ ማዕዘኑን በጥፍር መቁረጫ ታከበዋለች፤ በመቀስ ከሆነ ይሸራረፋል። ከዚያ ላሚኔት ይደረግና ጠርዙ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ፕላስቲክ ይተዋል። ከዚያ ካነሰ አየር ገብቶ ይላቀቃል። ይህን እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ። ለራሳቸው ነው የሠሩት፤ አልሸጡም።

በማን ስም ይሁን? ይህም አከራክሯል። የሚከፍለው ካርድ የሌላ ሰው መሆኑ ችግር የለውም፤ አካውንቱ ግን የአባሏ ነው። ወደ ሌላ ሰው አይዛወርም። አካውንት መጋራትም በደንቡ አይፈቀድም። ስሙ ደግሞ ትኬት ሲወሰድ ከሚታየው መታወቂያ ጋር መግጠም አለበት። ልጆቹ ያኔ መታወቂያ አልነበራቸውም፤ ያላቸው የትምህርት ቤት ካርድ ነው። ስማቸውን በላቲን ፊደል አንዱ ቦታ በአንድ መልክ፣ ሌላው ቦታ በሌላ መልክ ጽፈውታል። ትኬት የማይገዙ ስለሆነ ግድ አልሰጣቸውም። ዕጣ አወጡ። ለአንዷ ወጣ። ሌሎቹ አራቱ ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ዓመቱ ሲያልቅ

ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባባሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለረጅም ወራት አልተመለሰም።

የልጆቹ አባልነት ግን መቁጠሩን አላቆመም። የመስመር ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ካልሆነ በቀር አፑ አይከፈትም። የእኔ ቤት መስመር ሲኖረው ይመጣሉ፤ ሳይኖረው ይመለሳሉ። መንገድ በተዘጋባቸው ቀኖች ደግሞ ሱቁም ይዘጋል። ኩባንያው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ማንም አልነገረውም። ልጆቹ "ጊዜው ይራዘምልን" ብለው ለመጻፍ አስበው ነበር። በእንግሊዝኛ አርቅቀን ላክን። በትሕትና የተጻፈ መልስ መጣ፤ አልተራዘመም። እኔ በመልሱ አልተናደድኩም፤ ልጆቹ ግን በጣም አዘኑ። ገንዘብ ከፍለው የገዙት አንድ ነገር በእነሱ ጥፋት ሳይሆን እያለቀ ነበር።

ሂሳቡን በኋላ አብረን ሠራነው። ትልቁ ጥቅም፣ የኮንሰርት ቅድሚያው፣ በዚያ ዓመት ባዶ ነበር። ምክንያቱ ኢንተርኔቱ አይደለም። ኮሪያ ውስጥ ወንድ ሁሉ የውትድርና ግዴታ አለበት። ከሰባቱ የቡድኑ አባላት ታላቅ የሆነው ጂን በታኅሣሥ 2022 ገብቷል፣ ሌሎቹም በ2023 ተከታትለው ገቡ። ሰባቱ አንድ ላይ የሚቆሙበት ኮንሰርት በዚያ ዓመት ሊኖር እንደማይችል ልጆቹ ራሳቸው ያውቁ ነበር። የሪያድ አክስትም ብትሆን በዚያ ዓመት የምትገዛው ትኬት አልነበረም። የዕጣ ጥቅሙ ኮሪያ ነው፤ የለም። የሱቁን መብት አልተጠቀሙበትም። የደረሳቸው የአባላት ፎቶና ቪዲዮ ነው፤ እሱም መስመር በተገኘባቸው ቀኖች።

ያም ሆኖ ቁጥሩ ያለበትን መታወቂያ ስክሪንሾት አድርገው፣ በቀለም አትመው፣ አምስቱም ይዘውታል። ከከሰሩት ጎን ይህንን ያስቀመጡት እነሱ ናቸው። እኔም አልከራከርም። ቡድን የሚደግፍ ሰው የደጋፊ ማኅበር መታወቂያ ኪሱ ይዞ ሲሄድ ማንም ምን አተረፍክ አይለውም። የእነሱ ቡድን ሩቅ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ሁለተኛው ዙር

የመጨረሻው አባል ሹጋ በሰኔ 2025 የውትድርና አገልግሎቱን ጨረሰ። ሐምሌ 1 ቀን 2025፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰባቱም ዌቨርስ ላይ በቀጥታ ገብተው አዲስ አልበም በ2026 ጸደይ እንደሚወጣና የዓለም ዙሪያ ኮንሰርት እንደሚኖር ተናገሩ። ልጆቹ በማግስቱ መጡ። አሁን ልጆች አይደሉም። አንዷ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ናት። ሁለቱ ሥራ ይዘዋል። አንዷ ቤት ናት። አምስተኛዋ፣ የአክስቷን መንገድ ተከትላ፣ ሪያድ ገብታለች።

መዋጮው አሁን ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ130 ብር አልፏል። ያው 20 ዶላር አሁን ከ2,600 ብር በላይ ነው። በነፍስ ወከፍ ከ500 ብር ያልፋል።

ጥያቄው እንደገና የስም ጥያቄ ሆነ። በመጀመሪያው ዙር ዕጣ የወጣላት ልጅ ቁጥሩ በእሷ ስም እንዲታደስ ፈለገች። አስተሳሰቧን እረዳለሁ፤ ያንን የጨለመ ዓመት የያዘችው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ያለችው ግን ሌላ ነገር አነሳች።

"ጋሼ፣ ሪያድ እኮ መጥተው ያውቃሉ።"

እውነት ነው። ቢቲኤስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 2019 ሪያድ በንጉሥ ፋህድ ስታዲየም ኮንሰርት አቅርበዋል። በዚያ ጊዜ አክስትየዋ እዚያው ከተማ ነበረች። የእህቷ ልጅ ገና አልነገረቻትም ነበርና ማን እንደሆኑ አላወቀችም። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ቡድኑ እስካሁን የራሱን ኮንሰርት አቅርቦ አያውቅም። ከአምስቱ መካከል ቅድሚያ ግዢው ትርጉም ሊሰጣት የሚችለው እንግዲህ ሪያድ ላለችው ብቻ ነው፤ ባሕረ ሰላጤው ላይ ቀን ከተያዘ።

ሪያድ ያለችውን በኢሞ አገኘናት። ደስ አላት፤ ግን ነገሩን ከእኛ በላይ አስባበት ነበር። ፓስፖርትም የመኖሪያ ፈቃድም አላት፤ ስሟ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የተጻፈው። ይህ ተፈትቷል። የከበዳት ሰዓቱ ነው።

"ሽያጩ የሚከፈተው ቀን ላይ ከሆነ እኔ ማዕድ ቤት ነኝ" አለች። "ስልክ ማታ ነው የምይዘው። ትኬት ባገኝ ደግሞ ለዚያ ሌሊት ማዳም ትልቀቀኝ አትልቀቀኝ አላውቅም። የሚቻለው ዓርብ ከሆነ ነው።"

የጥቅሙ ዝርዝር ላይ "የኮንሰርት ቅድሚያ" ተብሎ በሁለት ቃል የተጻፈው ነገር፣ አንዲት ሴት ዘንድ ሲደርስ ይህን ሁሉ ይጠይቃል። በቀን ስልክ መያዝ፣ በሰዓቱ መገኘት፣ ለትኬቱ ሌላ ገንዘብ፣ ስሙ የሚገጥም ወረቀት፣ አንድ የእረፍት ሌሊት። ሴኡል ያለች ተማሪ ይህን ሁሉ ሳታስበው አላት። ለዚህ ነው ዋጋው አንድ ሆኖ የሚገዛው ነገር አንድ የማይሆነው።

እኔ የመከርኳቸው አንድ ነገር ነው። አሁን አትግዙ። ለሥዕሉና ለቁጥሩ ከሆነ ግዙ፤ እሱ የልብ ጉዳይ ነው። ለትኬት ከሆነ ግን ከተማና ቀን ሳይታወቅ መግዛት ዓመቱን ማቃጠል ነው። አባልነቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ኮንሰርት ሲታወጅ ለቅድሚያ ምዝገባው መዝጊያ ቀን አብሮ ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያው በኋላ አባል ለመሆን የሚበቃ ቀን ይሰጣል። ገንዘቡ ዝግጁ ከሆነና አካውንቱ አስቀድሞ በትክክለኛው ስም ከተከፈተ ያ ጊዜ አያንስም። ችግር የሚሆነው በዚያን ሰሞን መክፈያ መፈለግ የጀመረ ሰው ነው።

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። የቁጥሩ ባለቤት ተከፋች። "እኔ የማየው አንዲት ፎቶም ብትሆን በስሜ ትሁን" አለች። ሌሎቹ ስሟን መንካት አልፈለጉም። መጨረሻ ላይ ለሁለት ከፈሉት። የአዋጡት ብር ሪያድ ላለችው የባሕረ ሰላጤ ኮንሰርት እስኪታወጅ ይጠብቃል። የቁጥሩ ባለቤት ደግሞ ደሞዝ ጀምራለችና የራሷን አባልነት ለብቻዋ ታድሳለች፤ ከፋይዋ ያችው አክስት ናት። ለአምስቱ የሚታየውን እሷ አፑ ላይ ታያለች፤ ለሌሎቹ በቃል ትነግራቸዋለች፤ አካውንቷን ለማንም አትሰጥም። ይህን ቃል ያስገቧት ሌሎቹ ናቸው። ደንብ ተጥሶ አካውንቱ ቢዘጋ በስማቸው የቀረው አንድ ቁጥር እንዳይጠፋ ነው።

ሪያድ ያለችው የራሷን አካውንት በፓስፖርቷ ስም ከፍታለች። ፊደሉን ከፓስፖርቱ ላይ እያነበበች እኔ አረጋግጬላታለሁ። ካርዷን አፑ ላይ አላስቀመጠችም፤ ሲያስፈልግ ብቻ ታስገባዋለች። ሽያጩ በቀን ከሆነ የምትገባላት እንድትገኝ፣ ሌላ ቤት የምትሠራ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ አነጋግራ ነበር። እዚህ ላይ ግን እኔ ተቃውሜያለሁ። የይለፍ ቃል ለሦስተኛ ሰው መስጠት ደንቡም አይፈቅድም፤ ከትኬቱ ጋር ደግሞ ገንዘብ አለ። እሷም ተቀበለችና አሠሪዋን አስቀድማ ልትጠይቅ ወሰነች። አሠሪዋ ያላት ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው የሰባቱን ፎቶ ነው። ፈቃዱን እናትየዋን የምትጠይቅላት እሷ እንድትሆን ተስማምተዋል።

የተሰበሰበው ብር ዩኒቨርሲቲ ባለችው ልጅ ስም ቁጠባ ደብተር ውስጥ ነው። ብሩ ከዶላሩ እኩል ስለማይሄድ በየወሩ መጨረሻ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩበታል።